ከአርሶ አደሩ የተወሰደ መረጃ ለአርሶ አደሩ ይመለስ

በምዕራብ ሐረርጌ ቀበሌዎች መጠይቅ ይዞ የሚዞር ተማሪ አይጠፋም። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ወጣት የማሳውን ስፋት፣ የእርከኑን ዕድሜ፣ የምንጩን ርቀት፣ ለማገዶ የሚቆረጠውን ዛፍ ሁሉ ጠይቆ ይመዘግባል። አርሶ አደሩም ሥራውን አቁሞ፣ ሆጃ አቅርቦ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደተገኘ ሊነግረው የሚመለስ ሰው እምብዛም የለም። ጽሑፉ ውጤት ያገኛል፣ ተማሪው ይመረቃል፣ ጥራዙም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ጭሮ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ ይቀመጥበት በነበረው ኦዳ ስም የተሰየመው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ ከመቆሙ በፊት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ነበር። በተፈጥሮ ሀብትና በመሬት አስተዳደር ያስተምራል። ከሁለቱ ተቋማት የወጡ ተመራቂዎች ከሂርና እስከ ገለምሶ፣ ከበዴሳ እስከ ሚኤሶ በግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ በመሬት አስተዳደርና በልማት ጣቢያዎች ይሠራሉ። በዳሮ ለቡ የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ስለዚህ የተማረ ሰው እጥረት ነው ማለት ከእንግዲህ አያስኬድም። የቀድሞ ተመራቂዎች ትስስር ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚታሰበው የምሥረታ በዓል፣ ካናቴራና የመታሰቢያ ፎቶግራፍ ነው። መገናኘቱ መልካም ነው፤ ቁም ነገሩ ተገናኝቶ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

በጨርጨር ደጋ አፈር ምን ያህል እንደሚታጠብ መለካት የተጀመረው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲጀምር፣ ካቋቋማቸው ጣቢያዎች አንዱ በዚሁ ደጋ የሚገኘው ሁንዴ ላፍቶ ነበር። በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጄኒ እንደተደረገው ሁሉ፣ እዚያም ዝናቡ፣ ጎርፉና ጎርፉ የተሸከመው አፈር ተለክቷል። መረጃው በሳይንሱ ዓለም የታወቀ ነው። ይሁንና ከዚያ ደጋ በታች ቦረቦር ማሳውን እየበላበት ያለ ወጣት አርሶ አደር፣ የተለካው የራሱ መንደር አፈር መሆኑን የነገረው ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

እውቀት በአጠገብ እያለ ሥራ ላይ ሳይውል ሲቀር የሚሆነውን ሐረማያ አሳይቷል። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ የነበረው፣ የሐረር ከተማን ውሃ ያጠጣ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ደረቀ። ከተራቆተው ተዳፋት የወረደ ደለል፣ ለጫትና ለአትክልት ያለ ገደብ የተሳበ ውሃ፣ የከተማው ፍላጎት፣ ሁሉም ተደማምሮ ነው። የግብርና ሊቃውንት በደጁ ተቀምጠው መድረቁ እስከ ዛሬ ያስቆጫል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሮቹም ገና ሩቅ አልሄዱም።

በአንጻሩ ተመራቂና አገር ሳይለያዩ ሲቀሩ የሚገኘውን ማሽላ ይመሰክራል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከያኔው አለማያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመርቀው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ለአርሶ አደር የተለቀቁት ከአገር ቤት ተመራማሪዎች ጋር በተሠራ ሥራ ነው። ማሽላ ዋነኛ እህሉ ለሆነ ዞን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከወረዳ ባለሙያ ማንም የዓለም ሽልማት አይጠብቅም። የሚጠበቀው ያነሰ ነው፦ በቀበሌው ላይ የተጠና ጥናት ካለ ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞ አስጽፎ በቀበሌ ስብሰባ ማስነበብ። ጥናቱን የሠራው ልጅ ብዙ ጊዜ አልራቀም፤ አንድም በአጎራባች ወረዳ ተቀጥሯል፣ አንድም የክፍል ጓደኛው ስልኩን ያውቃል። የተመራቂዎች ትስስር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እርግጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማዳበሪያ ሲያከፋፍልና ሪፖርት ሲያሟላ ይውላል፤ ተጨማሪ ሸክም ሊመስለው ይችላል። የማይወደድ ውጤትም ይኖራል። በሪፖርት በኪሎ ሜትር የተቆጠረ እርከን ተማሪው ማሳው ላይ ሲፈልገው ፈርሶ ሊያገኘው ይችላል። ኃላፊዎች ይህንን በቀበሌ ስብሰባ ፊት መስማት ይከብዳቸው ይሆናል። ሆኖም በየዓመቱ ለዘመቻ ጉልበቱን የሚያወጣው አርሶ አደር ነውና ከማንም በፊት መስማት ያለበት እሱ ነው።

ለዚህ አዲስ መመሪያ አያስፈልግም። ተማሪው ወደ ቀበሌ የሚገባው የወረዳውን የትብብር ደብዳቤ ይዞ ነው። በደብዳቤው ላይ ውጤቱን ለቀበሌው የማቅረብ ግዴታ በአንድ መስመር ቢጨመርበት በጀት አይጠይቅም። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከወረዳው የተቀባይነት ማረጋገጫ ሳይመጣ ጽሑፉን አለመቀበል ይችላሉ። የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ በውስጡ ያሉትን የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን ስምና የጥናታቸውን ርዕስ ቢመዘግብ፣ የትኛው ተዳፋት ቀድሞ መሠራት እንዳለበት የሚናገር ጥናት በራሱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሊያገኝ ይችላል።