አዋጁ ያልቃል፣ ልማዱ ግን ይቀራል

ዴሞክራሲ የሚሞተው ታንክ ቤተ መንግሥት ሲገባ ብቻ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሞተው በሕግ፣ በድምፅ ብልጫና በጭብጨባ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ልጀምር። የይፋት ቆላ የማሾና የሽንኩርት አገር ነው። በፖለቲካችን ግን የከተማዋ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ማረሚያ ቤቱ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ሲቃጠል እስረኞች ወደዚያ ተወሰዱ። በቃጠሎው የተከሰሱት 38 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሸዋ ሮቢት ላይ በምርመራ ስም ሥቃይ እንደተፈጸመባቸው ለችሎት ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲያጣራ አዘዘ፤ ኮሚሽኑም በተከሳሾች አካል ላይ ጉዳት ማግኘቱን በሪፖርቱ ገለጸ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሊታወቅ የቻለው ተከሳሾቹ ዳኛ ፊት ስለቀረቡ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ቀድሞ የሚዘጋው ደግሞ ይኸው በር ነው።

ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ስድስት አዋጆች ታውጀውብናል፦ በ2009፣ በ2010፣ በኮሮና ጊዜ በ2012፣ በትግራይ በ2013፣ በ2014፣ በመጨረሻም ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል። የተወካዮች ምክር ቤት አንዱንም አልጣለም። በየካቲት 2010 እንኳ 88 አባላት ተቃውመው ነበር፤ አዋጁ ግን ጸደቀ።

አዋጅ ጨርሶ አያስፈልግም አልልም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ነዳለች። በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት ራሷ በጦርነት ተይዛ ነበር። መንገድ ዘግቶ ተሳፋሪ የሚያግት ታጣቂም የሕዝብ ነፃነት ጠላት ነው። ሰላም በሌለበት ምርጫም ሆነ ስብሰባ የለም። ጥያቄዬ፣ መንግሥት ለክፉ ቀን የተበደረውን ሥልጣን ማን ያስመልሰዋል? የሚል ነው።

የአማራ ክልሉ አዋጅ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዝሞ በግንቦት መጨረሻ ግድም አበቃ። መስከረም 2017 ላይ፣ አዋጅ በሌለበት፣ በክልሉ የጅምላ እስር ተካሄደ፤ ከታሰሩት ውስጥ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች ጭምር ነበሩ። ዳኛው ከታሰረ የታሰረው ገበሬ አቤት የሚለው ለማን ነው?

በሌላ አገር የሆነውን እንይ። ኅዳር 24 ቀን 2017 ማታ የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ወታደራዊ አገዛዝ አወጀ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ 190 የምክር ቤት አባላት፣ አንዳንዶቹ አጥር ዘለው፣ ተሰብስበው በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረጉት። መጋቢት 26 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሰውየውን ከሥልጣን አነሳው። ኮሪያን ያዳናት የወረቀቱ ማማር አይደለም። በዚያች ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ የሄደ ተወካይና በሩ ላይ የቆመ ሕዝብ ነው።

ወረቀቱማ እኛም አለን። ስለዚህ አዲስ ሕግ አልጠይቅም፤ የተጻፈው ይፈጸም፦

1ኛ. አንቀጽ 93 መርማሪ ቦርዱ በአዋጁ የታሰሩትን ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል። ዝርዝሩ ዘመድ ሊያነበው በሚችል ቦታ፣ በየወረዳው በር ይለጠፍ።

2ኛ. አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አዋጅ ከሌለ ሰበብ የለም።

3ኛ. አንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ በአዋጅም ቢሆን አይታገድም። ስለዚህ ኮሚሽኑ ማንኛውንም ማቆያ ሳያስፈቅድ ይጎብኝ።

እናንተም ነገ ድምፅ ለምኖ በራችሁ ለሚመጣ እጩ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ብቻ አትጠይቁት። «የሚቀጥለው አዋጅ ሲመጣ እጅህን ታወጣለህ ወይስ ትጠይቃለህ?» በሉት። መልሱን ያዙ፤ በስሙም አስታውሱት።