ለአንድ ክራር ስንት ዋት ይበቃል?

የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ክበብ ዓመታዊ የዕቃ ግዢ ጥያቄውን ሲያዘጋጅ በዝርዝሩ አናት ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሞንታርቦ ነው። ሞንታርቦው ይገዛል፤ አዳራሽ ይገባል፤ በበዓልና በምረቃ ሰሞን ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ክራሩን ይዞ መድረክ የወጣው ተማሪ ግን ገመዱን ሲሰካ ከዚያ ግዙፍ ሳጥን የሚወጣለት እንደ ቆርቆሮ የሳሳ፣ ሆድ የሌለው ድምፅ ነው። ከፍ ይደረግልኝ ሲል ደግሞ መሣሪያው ይጮኽበታል። በመጨረሻ «ክራር ለአዳራሽ አይሆንም» ተብሎ ይፈረድና ቦታውን ኪቦርድ ይወስደዋል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ጥፋቱ የማጉያው ምርጫ እንጂ የክራሩ አይደለም፤ ምርጫውን ለማቃናትም የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል።

ነገሩ በተለይ እንደ ቡሌ ሆራ ባሉ ከተሞች ለምንኖር ሰዎች ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ ብንሆንም፣ የሙዚቃ መሣሪያ አማርጦ ለመግዛት ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ መሄድ ግድ ይላል። የማይስማማ ዕቃ ተጭኖ ከመጣ በኋላ መልሶ መለወጥ እንዲህ ቀላል አይደለም። የአንድ ዓመት በጀት በአንድ ሳጥን ላይ ያልቃል፤ ክራረኛውም አራት ዓመት ሙሉ በመኝታ ክፍሉ ሲጫወት ኖሮ ይመረቃል።

በመጀመሪያ ዋት የሚባለውን ቃል እናጥራ። በገበያችን ዋት የድምፅ ትልቅነት መለኪያ ተደርጎ ይወሰዳል። በመሠረቱ ግን ዋት አምፕሊፋየሩ ለስፒከሩ በየሰከንዱ የሚያቀብለው የኤሌክትሪክ ጉልበት ነው። ጆሯችን ደግሞ ጉልበትን የሚሰማው በሎጋሪዝም እንጂ በቀጥታ አይደለም። ከ5 ዋት ወደ 10 ዋት ብናድግ የምናገኘው ጭማሪ 3 ዲሲቤል ነው፤ ይህም ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ብቻ የሚታወቅ ልዩነት ነው። ድምፁ በጆሮ ግምት እጥፍ እንዲሆን ወደ 10 ዲሲቤል ገደማ ጭማሪ ያስፈልጋል፤ ለዚህም 5 ዋቱ 50 ዋት መሆን አለበት።

ከዋቱ ይልቅ መጠየቅ የሚገባው ስፒከሩ በ1 ዋት ጉልበት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዲሲቤል ይሰጣል የሚለው ነው። አንዱ ስፒከር 88 ዲሲቤል፣ ሌላው 98 ዲሲቤል ሊሰጥ ይችላል። የ10 ዲሲቤሉ ልዩነት የአሥር እጥፍ ጉልበት ልዩነት ስለሆነ፣ ባለ 98ቱ ስፒከር በ5 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ባለ 88ቱ የሚያወጣው በ50 ዋት ነው። ይህ ቁጥር በማሸጊያው ካርቶን ላይ እምብዛም አይታይም። በትልቁ ተጽፎ የሚታየው «1000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ነው። ሳጥኑን አዙራችሁ የኃይል መስጫውን ስታዩ 12 ቮልት፣ 2 አምፒር ይላል። ሁለቱን አባዙ፤ 24 ዋት ነው። 24 ዋት የገባበት ሳጥን ሳያቋርጥ 1000 ዋት ሊያወጣ የሚችልበት ሕግ በተፈጥሮ ውስጥ የለም። የኢነርጂ ጥበቃ ሕግን ለፈተና የሸመደደ ተማሪ ሱቅ ሲገባ ሕጉን ደጃፍ ላይ ጥሎ መግባት የለበትም።

እስቲ አንድ የተለመደ መጠን ያለው ማጉያ እንውሰድ፤ እውነተኛ 15 ዋት፣ ስፒከሩም 90 ዲሲቤል የሚሰጥ። 15 ዋት ከ1 ዋት በ12 ዲሲቤል ገደማ ስለሚበልጥ በ1 ሜትር ላይ 102 ዲሲቤል ይሰጠናል። በገላጣ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ በ8 ሜትር ላይ 84 ዲሲቤል ይቀራል ማለት ነው። ክር ሲመታ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ከአማካዩ በጣም ስለምትልቅ ለእርሷ 10 ዲሲቤል እንተውላት፤ 74 ይቀረናል። ሰው በመደበኛ ድምፅ ሲያወራ በ1 ሜትር ላይ የሚሰማው ወደ 60 ዲሲቤል ነው። ስለዚህ ይህ ማጉያ ለመማሪያ ክፍልና ለአነስተኛ አዳራሽ ይበቃል፤ ግድግዳዎቹ ድምፁን መልሰው ስለሚያንጸባርቁ እንዲያውም ከስሌቱ የተሻለ ይሰማል። የግድግዳን ውለታ ለመረዳት የቦረናን ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ማሰብ ይጠቅማል። ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ተደርድረው ውኃውን እየተቀባበሉ የሚያዜሙት ዜማ ያለ አንዳች መሣሪያ ከላይ ይሰማል፤ ድምፁ በየአቅጣጫው እንዳይበተን የጉድጓዱ ግድግዳ ይዞታልና።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር ብለን እንለፍ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ የሚመክረው ገደብ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዲሲቤል ሲሆን፣ በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዲሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከሞንታርቦው ፊት የሚቀመጡት ተማሪዎች ይህን ማወቅ አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የክራሩ ድምፅ ለምን ሳሳ? አብዛኞቹ ተማሪዎች በክራራቸው ላይ የሚለጥፉት ፒየዞ ዲስክ የሚባለውን፣ በማንቂያ ሰዓትና በልጆች መጫወቻ ውስጥ የሚገኘውን ስስ ክብ ነሐስ ነው። ርካሽ ነው፤ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። ሲርገበገብ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ ግን ከካፓሲተር ጋር በተከታታይ የተያያዘ የቮልቴጅ ምንጭ ነው። ካፓሲታንሱ 20 ናኖ ፋራድ ገደማ ነው እንበል። ይህን በቀጥታ 10,000 ኦም የመግቢያ ኢምፒዳንስ ባለው ሚክሰር ላይ ስንሰካው የሬዚስተርና የካፓሲተር ማጣሪያ ሠራን ማለት ነው። አንድን በሁለት ፓይ፣ በሬዚስታንሱና በካፓሲታንሱ ብዜት ብናካፍል የመቁረጫው ፍሪኩዌንሲ 796 ኸርዝ ሆኖ ይመጣል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እየተዳከመ ይሄዳል፤ የ200 ኸርዝ ድምፅ ቮልቴጅ ወደ ሩብ ይወርዳል። የክራር ክሮች መሠረታዊ ድምፆች ደግሞ የሚገኙት ከዚህ መቁረጫ በታች ነው። ሞንታርቦው 1000 ዋት ይሁን 10,000፣ በሩ ላይ የቀረውን ድምፅ ከየትም አያመጣውም።

በቆላው አገር ምሳሌ እንናገር። ውኃው ቀስ ብሎ የሚመነጭ ኤላ ላይ ኃይለኛ ሞተር ብትተክሉ ጉድጓዱ ወዲያው ይደርቃል፤ በልኩ ብትቀዱ ግን ከፍታው ሳይናጋ ይቆያል። ከፍታው ቮልቴጁ ነው፤ ቀጂው የሚክሰሩ መግቢያ ነው። ወፍራም ድምፅ ማለት ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ድምፅ ስለሆነ፣ ቻርጁ ከዲስኩ ተቀድቶ የሚያልቅበት ጊዜ ያገኛል። ቀጭኑ ድምፅ ፈጣን ነውና ሳይቀዳ ያመልጣል። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ቢሆን ግን መቁረጫው ከ796 ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፤ ክራሩም ሆዱን ያገኛል።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ ከእኛ ቀድመው በአሜሪካ የብሉዝ ሃርሞኒካ ነፊዎች ተገናኝተውበታል። ሃርሞኒካ መዳፍ ውስጥ የምትገባ የአፍ መሣሪያ ናት፤ ከከበሮና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ስትሰለፍ ልክ እንደ ክራር ትዋጣለች። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የቺካጎ ነፊዎች ርካሽ የክሪስታል ማይክሮፎን ከሃርሞኒካው ጋር በሁለት እጃቸው አፍነው ይዘው በትንሽ የቫኪዩም ቲዩብ ማጉያ መጫወት ያዙ። ከእነርሱ ስመ ጥሩ ሊትል ዎልተር እ.ኤ.አ. በ1952 ያስቀረጸው «ጁክ» የተባለው ያለ ዘፈን የሚሄድ ሙዚቃ በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ለመሆን በቅቷል። የክሪስታል ማይክሮፎኑ ልብ ሮሼል ጨው የሚባል ውሕድ ነበር (የእኛው የኤል ሶድ ጨው አይደለም)። ፒየርና ዣክ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 የፒየዞ ኤሌክትሪክን ባሕርይ ሲያገኙ ከመረመሯቸው ክሪስታሎች አንዱ ይኸው ጨው ነው። እንግዲህ የቺካጎው ማይክሮፎንና የእኛ ባለ ነሐስ ዲስክ የአንድ ባሕርይ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ የቲዩብ ማጉያ መግቢያ በተለምዶ 1 ሜጋ ኦም ገደማ ስለሆነ እነዚያ ሰዎች ሳያሰሉም ትክክለኛውን ጋብቻ ማግኘታቸው ነው። (ሮሼል ጨው በ55 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይበላሻል። አሮጌ የክሪስታል ማይክሮፎን ያለው ሰው በነገሌ ወይም በሞያሌ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶት እንዳይሄድ። የዘመኑ ዲስክ ሴራሚክ ስለሆነ ሙቀትን በተሻለ ይችላል።)

ይሁን እንጂ ከሃርሞኒካ ነፊዎቹ ሁሉንም ነገር መቅዳት አይገባም። በውጭ አገር ስንማር አንድ ጎረቤታችን ማታ ማታ በጫማ ካርቶን መጠን ባለች ማጉያ ሃርሞኒካ ይነፋ ነበር፤ ድምፁ ሆን ተብሎ የሻከረ፣ የሚያጉረመርም ነበር። የብሉዝ ተጫዋች አነስተኛ ዋት የሚመርጠው ማጉያው ቶሎ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ሞገዱን እንዲቆራርጥለት ነው። ክራር ግን በርካታ ክር በአንድነት የሚገረፍበት መሣሪያ ነው። የተቆራረጠ ሞገድ ሁለት ድምፆች ሲገቡበት የሁለቱን ድምርና ልዩነት ከራሱ ይፈጥራል። 300 እና 400 ኸርዝ ቢገቡ 100 እና 700 ይጨመራሉ፤ ይህስ ከዜማው ጋር ይስማማል። እንደ አንቺሆዬ ባለ ጠባብ እርከን ባለው ቅኝት ግን 400 እና 424 ኸርዝ በአንድነት ሲመቱ 24 ኸርዝ ይወለዳል፤ ጆሮ የሚሰማው ዜማ ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ በእኛ እምነት ለክራር የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ ከመግዛት ለአኩስቲክ ጊታር የተሠራውን መግዛት ይሻላል። መግቢያው ለፒየዞ የተዘጋጀ ነው፤ ድምፁን ሳያሻክር ያወጣል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከርም አብዛኛውን ጊዜ ይኖረዋል። የሻከረውን ድምፅ የሚወድ ክራረኛ ሊኖር ይችላል፤ መብቱ ነው፤ ነገር ግን ወዶ ይምረጠው እንጂ ሳያውቅ አይጫንበት።

ክራርን ከኤሌክትሪክ ጋር የማስማማት ሥራ የተናቀ ሥራ እንዳልሆነም ተማሪዎች ይወቁ። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንግዳ አርቲስት በነበሩበት ጊዜ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት ለተነሡ የተቋሙ ባለሙያዎች ምክር ሰጥተዋል። እዚህ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ ግን ዛሬውኑ የሚጀመር ሥራ አለ። ሞንታርቦ የገዛ ክበብ ሞንታርቦውን መጣል የለበትም፤ ለሜዳ ዝግጅት ያለ እርሱ አይሆንም። የሚያስፈልገው በዲስኩና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ አስታራቂ ነው፤ አንድ ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ የወሰደ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራ ሊሠራው ይችላል። የመግቢያው ሬዚስተር 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ሁሉም በብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይታሸግ፤ አለዚያ የመብራቱን የ50 ኸርዝ እምታ እየለቀመ ያመጣል።

የመሣሪያው መጮኽም መድኃኒት አለው። የክራር ቆዳ ራሱ የማይክሮፎን ሽፋን ነው፤ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበላል፤ ዲስኩ ያንኑ ወደ ማጉያው ይመልሳል። ስፒከሩ ከተጫዋቹ ጀርባ ከሆነ ዑደቱ ይዘጋና ጩኸቱ ይጀምራል። ማጉያውን ከፊት፣ ወደ ሕዝቡ አዙሮ ማስቀመጥ፣ ዲስኩንም ከቆዳው መሐል አንሥቶ ወደ ድልድዩ ማስጠጋት በብዙ ቦታ ይበቃል።

ሱቅ ስትሄዱ ክራራችሁን ከነዲስኩ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራሙን ክር ምቱ፤ በጆሮ የምታውቁት ድምፅ ካልወጣ ሻጩ ስለ ዋት የሚነግራችሁን አትስሙ። ማጉያው በ12 ቮልት መሥራት የሚችል ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ መብራት ሲጠፋ ዝግጅቱ አይቋረጥም። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 42ቱን ብቻ እንቁጠር፤ 15 ዋት የተባለው ማጉያ በጨዋታ ላይ በአማካይ 10 ዋት ቢወስድ አራት ሰዓት ያህል ያጫውታል።