ዛሬ ማን መጣ?

በብዙዎቻችን ቤት ባልና ሚስት ማታ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ነገር አንድ ዓይነት ነው። «እንዴት ዋልሽ? ማን መጣ? ምን ተባለ?» ይህን መጠየቅ ፍቅር ነው፤ አለመጠየቅም ያስከፋል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን መካከል ይህ ጥያቄ ትዳርን የሚያሻክርበት አንድ ወቅት አለ። እርሱም ከሁለቱ አንዳቸው የሶሻል ወርክ ማስተርስ እየተማሩ ለሥራ ልምምድ፣ ማለትም ለኢንተርንሺፕ የሚወጡበት ጊዜ ነው። ይህን ጭንቀት በአብዛኛው የምሰማው ከሚስቶች ስለሆነ «እህት» እያልሁ እጽፋለሁ፤ ተማሪው ባል ቢሆንም ነገሩ ያው ነው።

ልምምዱን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጽ። የአሜሪካን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች መርምሮ ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ ቢያንስ 900 ሰዓት በመስክ ላይ እንዲሠራ ያዛል። በሁለት ዓመት የሚጨርሱ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በካውንቲ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ፣ ቤት የሌላቸው በሚያድሩበት መጠለያ ወይም ስደተኞችን በሚረዳ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይውላሉ። ሥራው ወረቀት ማመላለስ ብቻ አይደለም። ከባለጉዳዩ ጋር ተቀምጠው ያነጋግራሉ፣ ፋይል ይይዛሉ፣ በየሳምንቱም ከሱፐርቫይዘራቸው ጋር ተገናኝተው የሠሩትን ይገመግማሉ።

አብዛኛው ልምምድ ክፍያ የለውም። እንዲያውም ሰዓቱ እንደ አንድ ኮርስ ስለሚቆጠር ተማሪዋ ከፍላ ነው የምትሠራው። እስከ ትናንት በሳምንት አምስት ቀን ሠርታ ደመወዝ ታመጣ የነበረች እህት አሁን ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቀን በነጻ ትሰጣለች፤ ባልም ተጨማሪ ፈረቃ ይይዛል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዋ ተቀጥራ የምትሠራበትን ድርጅት የልምምድ ቦታ አድርገው ስለሚቀበሉ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል። በ1980 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የሕፃናት ደኅንነት ሕግ የሚገኘውን የፌዴራል ገንዘብ ተጠቅመው፣ ከምረቃ በኋላ በመንግሥት የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ለመሥራት ለሚፈርሙ ተማሪዎች ድጎማ የሚሰጡ ስቴቶችም አሉ። ግዴታውን ያልፈጸመ ግን ገንዘቡን መመለስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሁለታችሁም ሳታነቡት አትፈርሙ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ልምምዱ ክፍያ ባይኖረውም ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሲፒቲ ስለሚባለው ፈቃድ የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቁ። ይህ ፈቃድ በሙሉ ሰዓት 12 ወር ከሞላ፣ ከምረቃ በኋላ የሚገኘውን የሥራ ፈቃድ፣ ኦፒቲን ያስቀራል።

ስለ ገንዘቡ ባልና ሚስት ደኅና አድርገው ይነጋገራሉ። ሳይነጋገሩበት የሚያልፉት ስለ ዝምታው ነው።

በዚህ ሙያ የባለጉዳይን ምስጢር መጠበቅ እንደ ጨዋነት ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ሙያው የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ አለው። በጤና ተቋማት ደግሞ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ ሂፓ በሚባለው ሕግ ሥር ያለ የምስጢር ደንብ ሠራተኛ ብሎ ከሚቆጥራቸው መካከል ተለማማጆችም ይገኙበታል። «እኔ ገና ተማሪ ነኝ» ማለት አያስመልጥም። «ለባሌ ብቻ ነው የነገርሁት» ማለትም እንዲሁ።

«ስም ካልተጠራ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ ለማይተዋወቁ ሰዎች ይህ ሊሠራ ይችል ይሆናል። በእኛ መካከል ግን አይሠራም። «ከመጣች ስድስት ወር ያልሞላት፣ መንታ ልጆች ያሏት፣ ባሏ የሌሊት ታክሲ የሚነዳ» ከተባለ ማን ስሟን ይጠይቃል? መዘምራኑ ሁሉ ያውቋታል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ ወይም አበሻ በብዛት በሚኖርበት በሌላ ከተማ፣ አማርኛ የምትችል ተለማማጅ ከተገኘች አማርኛ ተናጋሪው ባለጉዳይ ወደ እርሷ መመራቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከእሑድ ጉባኤ የምታውቀው ሰው ሰኞ ጠዋት በሯ ላይ ቢቆም አይድነቃችሁ። እንዲህ ሲያጋጥማት ለሱፐርቫይዘሯ ወዲያውኑ ነግራ፣ የሚቻል ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሌላ ሠራተኛ እንዲተላለፍ ትጠይቅ። ሌላ ሰው ከጠፋ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ባለጉዳይዋን «ቤተ ክርስቲያን ብንገናኝ እንዴት ላድርግ?» ብላ ትጠይቃት። በእኛ ባህል ሰላም ሳይሉ ማለፍ ስድብ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። እህታችን ማታ ፊቷ ጠቁሮ ትገባለች። ባል ይጠይቃል፤ እርሷ «ምንም» ትላለች። ይህ ሦስት ሳምንት ሲደጋገም «ከእኔ የምትደብቀው ምን አላት?» ማለት ይጀምራል። በጋብቻ ትምህርት «በመካከላችሁ ምስጢር አይኑር» ብለን አስተምረናቸዋልና አይፈረድበትም። ነገር ግን የራስን ልብ ከትዳር ጓደኛ መሰወርና የሌላን ሰው ገመና መጠበቅ አንድ አይደሉም። ሚስት የእርሷን ስሜት መንገር ትችላለች፤ የባለጉዳይዋን ታሪክ ግን አትችልም። «ዛሬ ልቤ ከብዷል፤ ነገሩን ልነግርህ አልችልም፤ ትንሽ አጠገቤ ተቀመጥ» ብትል ምንም አልደበቀችም። ወንድሞች ሆይ፣ እናንተም «ማን መጣ?» የሚለውን ትታችሁ «ከብዶሽ ዋለ?» ብትሉ፣ ሻይም ብታፈሉላት፣ ከዝርዝሩ ይልቅ ያሳርፋታል። የጉዳዩን ሸክም ከሱፐርቫይዘሯ ጋር የምታራግፍበት ሰዓት ተመድቦላታል። ያ ሰዓት በየሳምንቱ የሚሰረዝባት ከሆነ ግን ለትምህርት ቤቷ የልምምድ ቢሮ ትንገር። ያለዚያ ሁሉም ቤት ድረስ ይመጣል።

በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ ምስጢር የሚወጣበት ሌላም በር አለ። ሐሜት እንዳልላችሁ፤ ሐሜትንስ እንጠነቀቃለን። በሩ የጸሎት ርዕስ ነው። «ስሟን አልጠራም፣ ግን ባሏ እጁን ያነሣባት አንዲት እህት አለችና በጸሎት አስቧት» ይባላል። ከጸሎቱ በኋላ ሦስት ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል። ለጌታ አድራሻ መስጠት አያስፈልግም፤ ተለማማጇ በጓዳዋ ብቻዋን ብትጸልይ ይሰማታል።

ለሽማግሌዎችና እንደ እኔ ላሉ የመጋቢ ሚስቶችም አንድ ቃል አለኝ። እኛ የምእመናንን ኑሮ ማወቅ ስለለመድን «የእነ እገሌ ቤት ምን ሆኖ ነው? አንቺ ጋ ይመጣሉ አይደል?» ብለን መጠየቅ አይከብደንም። ተለማማጇ «አዎ»ም «አይ»ም ልትል አትችልም፤ ሰውየው መጣ ማለት ብቻውን ምስጢር ማውጣት ነውና። በእኛ ጥያቄ ምክንያት ቦታዋን ብታጣ፣ ሰዓቷም ምረቃዋም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ዝምታው ግን ልክ አለው። ሕፃን እየተጎዳ እንደሆነ ስትጠረጥር ዝም ማለት አይፈቀድላትም። ጉዳዩን ለሱፐርቫይዘሯ ትነግራለች፤ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮም በሕጉ መሠረት ይነገራል። «መጀመሪያ ሽማግሌ ይግባበትና ይታረቁ» የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ቤተሰቡ የምናከብረው ቤተሰብ ቢሆንም፣ አባትየው በጉባኤ ፊት የሚያገለግል ቢሆንም ያው ነው። ምናልባት ይህ አንዳንዶቻችሁን ያስከፋ ይሆናል፤ ቢሆንም ሕፃኑን የሚያስጥለው ይህ ነው።

ልምምዱ ሲጀመር ተማሪዋ፣ ሱፐርቫይዘሯና ትምህርት ቤቱ የሚፈራረሙበት የትምህርት ስምምነት አለ። የማንም ባለጉዳይ ታሪክ የለበትምና አብራችሁ አንብቡት። የትኞቹን ቀናት እንደምትወጣ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣ፣ ምሽት መቆየት ካለባት ራት ማን እንደሚያቀርብ ያን ጊዜ ጻፉት። የድርጅቱን ላፕቶፕ ልጆች እንዳይነኩት የሚቀመጥበትን ቦታ ለዩ። በአንድ መኝታ አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ ስልኳ ማታ ሲጮህ እርሷ ወደ መኪናው ትወርድ እንደሆነ፣ ወይስ አንተ ልጆቹን ይዘህ ትወጣ እንደሆነ ትምህርት ሳይከፈት ተስማሙ።