የልጅ መጫወቻ ካሚዮንና የአባት ድርሻ

በደጋ አገር ላደገ ልጅ ካሚዮን ከመኪና ሁሉ የከበረ ነው። ሙጃን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቀውም። ከቆቦ በስተ ምዕራብ፣ ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ፣ በጊዳን ተራሮች መካከል ለተቀመጠች ከተማ ካሚዮን ማለት ከሩቅ የሚመጣው ነገር ሁሉ ማለት ነው። ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ ይሰማል፤ ዳገቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ልጆች ከየደጁ ብቅ ብቅ ይላሉ። ጨውና ዘይት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል፤ ገብስና ባቄላ ጭኖ ይመለሳል። የሚሄድ ዘመድም ብዙ ጊዜ ከጋቢናው አለዚያም ከጭነቱ በላይ ተቀምጦ ነው የሚሰናበተው። ልጅ ከሽቦና ከቆርቆሮ መጫወቻ ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ ካሚዮን መሥራቱ ስለዚህ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ከጨዋታ ይልቅ የእጅ ጥበብ ይመስላል። አካሉ ከሽቦ ይጠመዘዛል፤ ስፖንዳው ከዘይት ወይም ከሰርዲን ቆርቆሮ ይቆረጣል፤ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ይቀረጻል፤ ይህም ካልተገኘ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ይበቃል። ከፊተኛው እግር ተነሥቶ እስከ ልጁ ወገብ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ወይም ሸምበቆ ይቆምለትና በጫፉ ላይ ክብ መሪ ይታሰርበታል። ልጁ እየሮጠ መሪውን ሲያዞር ከበታች ያለው ጎማ ይዞራል። ከርቀት መንዳት ማለት ይኸው ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው መጫወቻ የለወጠው ነገር ቢኖር ሽቦውን በዓይን በማይታይ ማዕበል መተካቱ ነው። የሸመገሉ አንባቢዎቻችን "ኤንትሬ" የሚለውን ስም ሳያስታውሱ አይቀሩም፤ ስሙ ኤን ሦስት ከሚባለው የፊያት ካሚዮን የመጣ ሲሆን "ትሬ" በኢጣልያንኛ ሦስት ማለት ነው። ጋቢና፣ ስፖንዳ፣ ቸርኬ፣ ፒንሳ የምንላቸውም ከዚያው ቋንቋ ወደ እኛ የተሻገሩ ናቸው፤ የደጋ ልጅም ፊደል ሳይቆጥር ያውቃቸዋል።

አሁን በከተማ ሱቆችና በአዲስ አበባ መርካቶ በሪሞት የሚነዳ ካሚዮን ይሸጣል። ወደ ደጋው ቤት የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ነው፤ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደች እናት ወይም አክስት በሰው እጅ ትልከዋለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስተውለናል። አንዳንዱ አባት እንዳይሰበር ብሎ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ያወጣዋል፤ ለእንግዳ ለማሳየት ካልሆነ በቀር አይወርድም። አንዳንዱ ለልጁ ሰጥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ በሳምንቱ መጫወቻው ከአልጋ ሥር ተጥሎ ይገኛል። ሌላው ደግሞ፣ ይህ ከሁሉ የሚያስቀው ነው፣ "ቆይ ላሳይህ" ብሎ ሪሞቱን ይቀበልና እስከ ማታ አይመልስም፤ ባለቤቱ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ለመሆኑ አንድ አባወራ፣ ያውም ዳዊት የሚደግም፣ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ከልጁ ጋር መጫወቻ ካሚዮን ቢነዳ ክብሩ ይቀንሳልን? በአፉ ባይናገረውም በልቡ "አዎን" የሚል ብዙ ነው። እኛ ግን አይመስለንም። በልደት በዓል ገና ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ፣ ሽማግሌና ጎረምሳ በአንድ ሜዳ ሩሩን ያሳድዱ ነበር፤ በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታው ቂም አይያዝበትም። ቡሄ ሲደርስ ለልጁ ጅራፍ የሚገምድለት አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ገምዶም ሲያበቃ እስኪ ይጩኽ እንደ ሆነ ብሎ አንድ ጊዜ ሳያጮኸው አይሰጠውም። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት፣ በስድስተኛው ምዕራፍ፣ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ፊቱን ወደ አባቶች መልሶ ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያዝዛል። የፊተኛውን ትእዛዝ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። የኋለኛው በየቤቱ ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም።

የሪሞት ታሪክ ራሱ ከአንድ ቄስ ቤት ይነሣል። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1856 በዛሬዪቱ ክሮኤሽያ በስሚልያን መንደር ተወለደ። አባቱ ሚሉቲን የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። (ያች ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ የተለየች መሆኗ የታወቀ ነው።) እናቱ ጁካ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የቤት መሣሪያ በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር፤ ልጃቸውም የፈጠራ ስጦታውን ከእርሳቸው እንዳገኘ ተናግሯል። አባትየው ልጃቸው እንደ እርሳቸው ቄስ እንዲሆን ይመኙ ነበር። ነገር ግን ልጁ በኮሌራ ታሞ ለብዙ ወራት አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ፣ ቢድን ምሕንድስና እንዲማር ቃል ገቡለት፤ ሲድንም ቃላቸውን አላጠፉም፤ በአውስትሪያ ወዳለችው ግራጽ ከተማ ላኩት። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው አዳራሽ፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ በውሃ ገንዳ ላይ ያለ ገመድ በሬዲዮ ማዕበል እየመራ ለሕዝብ ያሳየው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ታሚያ የተባለው የጃፓን ድርጅት የራሱን የመጀመሪያ በሬዲዮ የሚመራ አውቶሞቢል ለገበያ አወጣ። ዛሬ ይኸው ድርጅት የእውነተኛውን ዐሥራ አራተኛ እጅ የሚያህሉ ባለ ሦስት ማርሽ ካሚዮኖች ይሠራል፤ በውጭ አገር በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንኳ ተሳቢ እያስጎተቱ ይጫወቱባቸዋል። በእኛ አገር ለልጅ የሚገዛው ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

ልጅ "ሳይነኩት እንዴት ይሄዳል?" ብሎ ሲጠይቅ "ዝም ብለህ ተጫወት" ማለት ይቀናናል። መልሱ ከባድ አይደለም። ሪሞቱ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ነው፤ በካሚዮኑ ሆድ ያለው ደግሞ የዚያን ጣቢያ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ራዲዮ ነው። ርካሾቹ መጫወቻዎች ብዙ ጊዜ በ27 ወይም በ49 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ካሚዮን ከተገዛላቸው በአንዱ ሪሞት ሁለቱም ይነሣሉ፤ ከእነርሱም ጋር ጠብ ይነሣል። አዳዲሶቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት ግን እያንዳንዱ መኪና ከገዛ ሪሞቱ ጋር ይጣመራል፤ የሌላውን ትእዛዝ አይቀበልም። ካሚዮኑ ቢቆም ደግሞ ካቻቪቴ ይፈለግና ከልጁ ጋር ይከፈት። ብሎኖቹን በቆርኪ ውስጥ የማጠራቀም ሥራ የልጁ ይሁን። በውስጡ ትንሽ ሞተርና የጥርስ መደዳ ይታያል፤ ትንሹ ጥርስ ብዙ ጊዜ ዞሮ ትልቁን አንድ ጊዜ ሲያዞረው ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። እውነተኛው ካሚዮን የሙጃን ዳገት የሚወጣው በዚሁ ነው። ይህን በትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ሥለን ስናስተምር ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል፤ በገዛ ካሚዮኑ ሆድ ውስጥ ያየው ልጅ ግን አይረሳውም።

መሪውን በተመለከተ አባቶችን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ካሚዮኑ ከእናንተ እየራቀ ሲሄድ ቀኙ ቀኛችሁ ነው። ዞሮ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ቀኝና ግራው ይገለበጣል፤ ወደ ቀኝ ያላችሁት ወደ ግራ ሄዶ ከግንብ ጋር ይጋጫል። መድኃኒቱ በአሳብ ወደ ጋቢናው ገብቶ እንደ ሾፌሩ ሆኖ ማየት ነው። ልጆች ይህን በአንድ ከሰዓት ይለምዱታል፤ እኛ ጎልማሶቹ ብዙ ቀን ይፈጅብናል። በዚህ ጊዜ ልጁ አባቱን ማስተማር ይጀምራል። "አባዬ፣ እንዲህ አይደለም፤ አንተ ውስጡ እንደ ተቀመጥህ አድርገህ አስብ" ይለዋል። አባት ይህን ሰምቶ ሳይቆጣ ሪሞቱን መልሶ ቢሰጥ፣ ልጁ በዚያ ቀን ያገኘው ነገር ከካሚዮኑ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ነገሩን የጨዋታ ብቻ አድርጎ የሚመለከት አንባቢ ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ልብ ይበል። የሽቦ ካሚዮን የሚሠራ ልጅ ብረት ይለቅማል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ አልፏል፤ ላሊበላም በዚያ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሥቷል። ውጊያ በዋለበት አገር ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት በእርሻ ውስጥ፣ በገደል ሥር፣ በፈረሰ ምሽግ ይቀራል። በአማራም፣ በአፋርም፣ በትግራይም እንዲህ ያለውን ሲነካኩ የሞቱና አካላቸው የጎደለ ልጆች አሉ። ለልጅ ዓይን ያ ብረት የሞት ዕቃ ሆኖ አይታየውም፤ ለካሚዮኑ የሚሆን ጥሩ ቸርኬ ነው፣ ጥሩ የነዳጅ በርሜል ነው።

"አትንካ" ብሎ መከልከል ግዴታ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የማያውቀውን ብረት ያገኘ ልጅ ለአባቱ ቢናገር "ማን እዚያ ሂድ አለህ?" ተብሎ የሚገረፍ ከሆነ አይናገርም፤ ይደብቀዋል፤ በድብቅም በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። ከአባቱ ጋር ሽቦ የለቀመ፣ "ይህ ይሆነናል፤ ይህን ግን የት እንደ ነበረ ስለማናውቅ አንነካውም" ሲባል የሰማ ልጅ ግን ሮጦ ይነግረዋል። እንዲህም ሆኖ ከተገኘ ልጁ አይንካው፤ ድንጋይም አይወርውርበት፤ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለታላቅ ይናገር። ታላቁም ጀግና ነኝ ብሎ አያንሣው፤ ሰው እንዳይቀርብ ከልክሎ ለሚመለከታቸው ያስታውቅ። በአባትና በልጅ መካከል ያለው ፍርሃት ሕይወት የሚያስከፍልበት ቦታ ይህ ስለ ሆነ ነው ስለ አንድ መጫወቻ ይህን ያህል መጻፋችን።

እናቲቱ በሩቅ አገር ሆና የላከችው ካሚዮን ከሆነ ደግሞ ሌላ አደራ አለበት። ልጁ ሲነዳ በስልክ ትየው፤ አለዚያም ድምፁን ትስማ። ሲሰበርም አይደበቅባት። "ጎማው ወልቆ ነበር፣ ከአባዬ ጋር ሠራነው" የሚለው ወሬ ከብዙ ደኅና ነን ይሻላታል።

ገንዘብ የሌለው አባት አይዘን። በርካሽ የተገዛው መጫወቻ ከሁለት ወር በኋላ ሞተሩ ቢቃጠል እንኳ አካሉ አይጣልም፤ ረጅም የመሪ ሽቦ ቢቆምለት የአያቶቹ ዓይነት ካሚዮን ይሆናል። ከመጀመሪያው ሪሞት ያልነበረው ቤትም ፒንሳና ሁለት ክንድ ሽቦ ካለው ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም አባትና ልጅ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት በዚህኛው ይረዝማል። ሴት ልጅም አትረሳ። "ይህ የወንድ ነው" ተብላ ወደ ጓዳ የተላከች ልጅ ብሎን መፍታት ከወንድሟ ቀድማ ልትችል ትችል እንደ ነበር ማን ያውቃል?

በመጨረሻ ስለ ባትሪ ድንጋይ። በአንዳንድ መጫወቻ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ባትሪ ትገኛለች፤ ሕፃን ቢውጣትና ጉሮሮው ላይ ብትቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ታቃጥላለች። ክዳኗ በብሎን የሚታሰር እንጂ በጣት የሚከፈት አይሁን፤ የተዋጠች መስሎ ከታየም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። የሚሞላ ባትሪ ሰው በሌለበትና በሌሊት ከኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ አይደር። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ ስለሚደክም ካሚዮኑ በማለዳ ቢያንቀላፋ ተበላሸ አይባል፤ ፀሐይ ትሙቅበት። ክረምት ሲገባና ጭቃው ጨዋታውን ሲያስቆም የባትሪ ድንጋዮቹ ወጥተው ለብቻቸው ይቀመጡ። እዚያው ከከረሙ ያፈስሳሉ፤ የሚያፈስሱትም የመገናኛዋን ቀጭን ብረት ይበላታል። በልታም ከተገኘች በአሸዋ ወረቀት ቀስ ብሎ መጥረግ ነው፤ ይህንንም ልጁ ይሥራው።