ሪባኑ ሳይቆረጥ

በጋዝ፣ በቦይለርና በግፊት ዕቃ ሥራ ፀጉራችን የሸበተ የሙያ አቻዎቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የመጣውን ነገር ለመቃወም አይደለም፤ አመጣጡ ስላስጨነቀኝ ነው። ስለ ሃይድሮጂን ነዳጅ የሚወራው ወሬ በየስብሰባው እየበዛ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ከቆመ፣ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎችን ማስገባትም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ፣ ውሃውም ኃይሉም ያለው አገር ለምን ከውሃው ጋዝ አያወጣም፣ ለምን ማዳበሪያውንና የከባድ መኪናውን ነዳጅ ራሱ አይሠራም ተብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ልጆቻችን ይህን ሲያስቡ ማየት ደስ ያሰኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ስለ ሜጋ ዋቱና ስለ ዶላሩ ረጅም ሰዓት ሲነገር፣ ብሎኑን ማን ያጠብቃል፣ ጠቋሚ መሣሪያውን ማን ይፈትሻል፣ ማደያው ላይ መቅጃውን የሚይዘው ልጅ ምን ያውቃል የሚል ጥያቄ ሲነሣ አለመስማቴ ነው፤ ከዚህም በላይ የምናውቀው እኛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጣችን።

ነገሩ እንደሚቻል እናውቃለን። ኖርዌዮች በፏፏቴ ኃይል ውሃን ከፍለው በሃይድሮጂኑ ማዳበሪያ መሥራት ከጀመሩ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በዓባይ ላይም፣ አስዋን ያለው የኪማ ማዳበሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከግድቡ በሚያገኘው ኃይል ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ዚምባብዌም እንዲሁ አድርጋለች። በእነዚህ ቦታዎች ግን ጋዙ ከፋብሪካው አጥር አልወጣም፤ የሚነካውም ዕድሜውን በዚያ የጨረሰ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ የሚታሰበው ያንኑ ጋዝ ከአጥሩ አውጥቶ፣ ለአውቶቡስ በ350 ባር፣ ለአውቶሞቢል በ700 ባር አምቆ፣ ከማንም ሾፌር እጅ ማድረስ ነው። እኛ ስንፈራው የኖርነው የኦክሲጅን ቦምቦላ ጢም ብሎ ሲሞላ 150 ባር ገደማ እንደነበር አስታውሱና ልዩነቱን መዝኑት።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ የሆነውን ደግሞ ልብ በሉ። በሃያ ቀን ውስጥ፣ በሦስት አገር፣ ሀብትም ሆነ እውቀት ባልጎደላቸው ሰዎች መካከል ሃይድሮጂን ሦስት ጊዜ ተቀጣጠለ። ግንቦት 15 ቀን በደቡብ ኮሪያ ጋንግኑንግ ከተማ፣ ከፀሐይ ኃይል ሃይድሮጂን ለማምረት በሚሞከርበት ግቢ፣ እያንዳንዳቸው 40 ሜትር ኩብ የሚይዙ ታንኮች ፈንድተው ሁለት ሰው ሞተ፣ ስድስት ቆሰለ። ከተጎዱት መካከል አዲሱን ሥራ ለመጎብኘት የመጡ እንግዶች ነበሩበት። ግንቦት 24 ቀን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ ላይ፣ ወደ ተሳቢ ሲሞላ የነበረ ጋዝ አፈትልኮ ነደደ፤ ሰው ባይሞትም በዚያ አካባቢ ያሉ ማደያዎች የሚቀዱት አጥተው ሰነበቱ። ሰኔ 3 ቀን በኖርዌይ፣ ከኦስሎ ወጣ ብሎ ባለው ሳንድቪካ፣ አንድ የሃይድሮጂን ማደያ ፈነዳ። ትልቅ አውራ መንገድ ተዘጋ፤ በአቅራቢያው በነበረ መኪና ውስጥ የፍንዳታው ግፊት ኤርባጉን ከፍቶት ሁለት ሰዎች ሆስፒታል ገቡ።

የኮሪያው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ልቤን ይበላኛል፤ ምክንያቱም ያን ቀን የሆነው ነገር ነገ የእኛ ዕጣ ሊሆን ይችላል። ውሃን በኤሌክትሪክ የሚከፍል ማሽን በአንድ ወገን ሃይድሮጂን፣ በሌላው ወገን ኦክሲጅን ያወጣል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ስስ መጋረጃ ነው። መጋረጃው ፍጹም አይደለም፤ ጥቂት ጥቂት ያሳልፋል። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ያ ጥቂት በብዙው ውስጥ ይጠፋል። የሚገባው ኃይል ሲደክም ግን ምርቱ ይቀንሳል፣ የሚሾልከው ያው እንደነበረ ይቆያል፤ ስለዚህ የተሳሳተው ጋዝ ድርሻ እያደገ ይሄዳል። ሃይድሮጂን በንጹሕ ኦክሲጅን ውስጥ ከመቶ 4 እጅ እስከ 94 እጅ ድረስ ይነዳል። ይኸውም ሃይድሮጂን ብቻ አለበት ብለን በምናምነው ታንክ ውስጥ ኦክሲጅኑ ከመቶ 6 እጅ ካለፈ፣ ታንኩ ማጠራቀሚያ መሆኑ ቀርቶ የተዘጋጀ ፈንጂ ይሆናል ማለት ነው። በጋንግኑንግ ታንክ ውስጥ የነበረው ኦክሲጅን ይህን ወሰን አልፎ ነበር። ለጥቆ የሚያስፈልገው ከልብስ የሚነሣ የማይታይ ብልጭታ ብቻ ነው፤ ሃይድሮጂንን ለማቀጣጠል የቤንዚን ተን ከሚፈልገው ጉልበት አንድ አሥረኛው ያህል ይበቃዋልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው፣ ሠሪዎቹ ኦክሲጅኑ መጨመሩን አስቀድመው ማየታቸው ነው። ምልክቱ ነበር። ግን ሙከራው መሙላት ያለበት 1,000 ሰዓት ነበረና ማሽኑ አልቆመም። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ሰዓት እናውቀዋለን። የሪፖርት ቀን ነው፤ የምርቃት ዋዜማ ነው፤ ሚኒስትሩ ነገ ይመጣሉ የተባለበት ሌሊት ነው። በስንት ግቢ ውስጥ፣ ከጌጁ መርፌ ይልቅ የቀን መቁጠሪያው ሲታመን አይተናል? መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኃይሉ ጠዋት ሞልቶ ማታ በሚደክምበት አገር፣ ኃይሉ ሲወርድ ራሱን የማያቆም፣ ሲቆምም ውስጡን በናይትሮጂን ሳያጥብ የሚነሣ ማሽን መትከል ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

የሳንድቪካው ምክንያት ደግሞ ሲነገር ያሳፍራል፤ ያን ያህል ትንሽ ነበር። የከፍተኛ ግፊት ታንክ አፍ የሚዘጋበት ክፍል ብሎኖቹ በሚገባ ልክ አልጠበቁም። ጋዙ በመጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከዚያ በብዛት ሾለከ፣ ከአየር ጋር ተደባለቀ፣ ነደደ። ማደያውን የሠራው ኩባንያ ባለ ስም ነው፤ አገሩም ለጥንቃቄ ሕግ የሚሳሳ አገር አይደለም። ሆኖም አንድ ሰው አንድ ቀን ብሎኑን በቶርክ ቁልፍ በሚፈለገው ልክ አላጠበቀም፣ ሌላው ሰውም ሥራውን መልሶ አላየም። ከዚያ በኋላ ቶዮታና ሂዩንዳይ በኖርዌይ የሃይድሮጂን መኪና ሽያጫቸውን ለጊዜው አቆሙ። የአንድ ማደያ ብሎን የአንድን አገር ሙሉ ሥራ አንገት አስደፋ።

እኔ የምሰጋው በብሎኑ ብቻ አይደለም፤ ብሎኑ ሲጠፋ በምናደርገው ነገር ነው። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ዶላሩም የለም፤ ማሽኑ ደግሞ መቆም የለበትም። ያኔ አንዱ ብልህ ሠራተኛ መርካቶ ወርዶ ጥርሱ የሚገጥም፣ መልኩም ያው የሆነ ማያያዣ ይዞ ይመጣል፤ ሁላችንም እናመሰግነዋለን። ለውሃ ቢሆን ምስጋናው ይገባው ነበር። ሃይድሮጂን ግን እጅግ ትንሽ ሞለኪውል ናት፤ ብረት ውስጥ ሰርጋ ትገባለች፣ ጥንካሬውን ከውስጥ ትበላለች፣ ያልተመረጠለት ብረትም አንድ ቀን ሳይጎብጥ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ይህ ጠባይዋ እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ ተጽፎ ያለ ነው። መርካቶ የተገዛው ማያያዣ የሚሰነጠቀው በተገጠመበት ቀን አይደለም፤ የገጠመው ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወረ፣ መዝገቡም ከጠፋ በኋላ ነው።

ያስተማሩን ስሜቶቻችንም እዚህ ይከዱናል። ለሚስቶቻችንና ለልጆቻችን ስለ ቡታጋዝ ስንናገር፣ ሽታውን ከሰማችሁ በሩን ክፈቱ፣ ጋዙ ወለል ላይ ይተኛልና ክብሪት አትጫሩ እንል ነበር። ሃይድሮጂን አይሸትም፤ ለመኪና የሚሆነው ላይ ሽታ አይጨመርበትም፣ ሽታ የሚሰጠው ቅመም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የመኪናውን ክፍል ያበላሻልና። ወለል ላይም አይተኛም፤ ከአየር አሥራ አራት ጊዜ ስለሚቀል ወደ ላይ ይመነጠቃል። ሜዳ ላይ ይህ መልካም ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል። ጋራዦቻችንን ግን ተመልከቱ፤ የቆርቆሮው ጫፍ የተደፈነ፣ ኮርኒስ የተመታበት፣ አየር ማስወጫው ከወገብ በታች የተሠራ፣ ኮርኒሱ ሥር አምፖልና የተላጠ ሽቦ የተንጠለጠለበት ቤት ነው። ጋዙ እዚያ ወጥቶ ይከማቻል፤ በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ እስከ 75 እጅ ባለው ስፋት ሁሉ ይነዳል፤ ጠቋሚው መሣሪያ ግን እንደ ቡታጋዙ ልማድ ወለሉ አጠገብ ተሰቅሎ ዝም ይላል።

እሳቱ ራሱ አይታይም። በቀን ብርሃን የሃይድሮጂን ነበልባል ከዓይን ይሰወራል፤ ሙቀቱን ዙሪያውን የሚረጨው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ሰው እሳቱ ውስጥ እጁን እስኪያስገባ አያውቀውም። አሜሪካኖች ወደ ጠፈር የሚያመጥቋቸውን ሮኬቶች ነዳጅ በሚያከማቹበት ቦታ፣ የቀድሞ ሠራተኞች የጭድ መጥረጊያ በፊታቸው ዘርግተው ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር፤ የመጥረጊያው ጫፍ በድንገት ሲነድ እሳቱ የት እንዳለ ያውቁ ነበር። ያን ሁሉ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በመጥረጊያ እሳት የፈለጉት ስላልሠለጠኑ አይደለም፤ ዓይናቸውን ማመን እንደሌለባቸው ስለተማሩ ነው። በእኛ ማደያ የሚቆመው ልጅ ይህን ማን ይነግረዋል?

የማደያውንም ሥራ ከቤንዚን ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ እንዳይኖር። ጋዙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በ700 ባር ሲታመቅ የመኪናውን ታንክ ያግለዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እስከ ዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ የታንኩ ውስጥ ሙቀትም ከ85 ዲግሪ እንዳያልፍ ማሽኑ እየለካ ይሞላል። መቅጃው ከመሙላቱ በፊት ማሽኑ በራሱ ጥቂት ግፊት ሰድዶ መሹለኩን ይፈትሻል። ወረፋ ሲረዝም፣ ሾፌር ሲጮኽ፣ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ግን ይህ ሁሉ እንደ ማዘግየት ይቆጠራል፤ አንዱም ይህን የሚቆጣጠረውን ሽቦ እንዴት እንደሚያልፈው ያገኘዋል። ነዳጅ ባጠረ ጊዜ በጄሪካን የሆነውን፣ የተገለበጠ ቦቴ ዙሪያ ሰው ባልዲ ይዞ የተሰበሰበበትን ቀን ያየን ሰዎች፣ ችግር ሰውን ምን እንደሚያስደፍረው አንስትም።

በሠራሁባቸው ግቢዎች በአንዱ፣ ስሙን አልጠራውም፣ የጋዝ ጠቋሚው ሌሊት ሌሊት እየጮኸ የፈረቃውን ሠራተኛ እንቅልፍ ስለነሣው በፌስታል ተጠቅልሎ አየሁት። ፌስታሉ አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ ተጠቅልሎ ሰንብቷል ማለት ነው። ጠቋሚው የሚፈተሽበት ጋዝ ካለቀ ቆይቷል፣ የሚገዛበት በጀት አልተያዘለትም፣ መመሪያው መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ አዲስ እንደሆነ ተቀምጧል። ሠራተኛው ሰነፍ አልነበረም። መሣሪያው የሚጮኸው በእውነት ይሁን በሐሰት የሚለይለት ሰው ስላጣ አፉን ዘጋው። ያ ግቢ በእግዚአብሔር ቸርነት አልተቃጠለም። ሃይድሮጂን ቢሆን ኖሮ ስለዚያ ፌስታል ዛሬ የምነግራችሁ ሰው ባልኖርኩ።

እኩዮቼ፣ ገና ጊዜ አለ። በአገራችን አውራ ጎዳና ላይ የሃይድሮጂን ማደያ አልተደረደረም፤ ታንኮቹ አልተተከሉም፤ መልካም ልማድ ከመጥፎው ልማድ ቀድሞ ሊገባ የሚችልበት ዘመን ይህ ነው። መርማሪ መሐንዲሶች ማሽኑ ከመግባቱ በፊት እንዲሠለጥኑ፣ መመሪያው ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ እንዲጻፍ፣ የጠቋሚ መፈተሻው ጋዝ እንደ ደመወዝ በየዓመቱ በጀት እንዲያዝለት፣ ማሽኑን የሚያቆም ሠራተኛ እንዳይቀጣ ጠይቁ። ከአደጋ ለጥቂት ስናመልጥ የተሸሸገው ሁሉ ተጽፎ ለሌላው ግቢ እንዲደርስ አድርጉ። ልጆቹ አዛውንት ሥራ አጓታች ናቸው ቢሏችሁ ታገሡ፤ ተቆጥታችሁ አትውጡ፣ ወንበሩን ለዝምታ አትልቀቁ።

ርክክቡ ላይ ፊርማ የሚጠየቀው ከእኛ ነው፤ የእኛ ስም ያረፈበት ወረቀት ሲታይ ሌላው ሳይጠይቅ ያልፋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ብሎን የማጥበቂያ መዝገብ ቀርቦ ሳታነቡ፣ ጠቋሚዎቹ ከጣሪያው ሥር መሰቀላቸውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ መብራቱ በፊታችሁ ተቋርጦ ማሽኑ በራሱ በሰላም ሲቆም ሳትመለከቱ፣ ሚኒስትር ቆሞ ቢጠብቅም እንኳ፣ አትፈርሙ።