ቱቦው ይቅደም፤ ሪፈሩ ይከተል!

እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ሀገር አጨበጨበ። ተገቢ ነው። ግን ኩላሊቱ ሳይጠፋ ሊድን የሚችለውን ሕፃን ማን ያስታውሰው?

አንዳንድ ወንዶች ልጆች በሽንት ቧንቧቸው ውስጥ ሽንት የሚያግድ ስስ ሽፋን ይዘው ይወለዳሉ። ሽንቱ መውጫ ሲያጣ ፊኛውንና ኩላሊቱን ይወጥራል። ይህን ለማየት ምላጭ አያስፈልግም፤ ልጁ ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ አልትራሳውንድ እብጠቱን ሊያሳይ ይችላል።

«ስፔሻሊስት የለም» የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም። ሽፋኑን ለማስወገድ ስፔሻሊስት ያስፈልጋል፤ የታገደውን ሽንት ለማፍሰስ ግን ለጊዜው ቀጭን ቱቦና የሠለጠነ እጅ ይበቃል። ሕፃኑን እንደተወጠረ ሪፈር ጽፎ መሸኘት ሕክምና አይባልም። ወረፋ ይደርሳል፤ የሞተ ኩላሊት ግን አይመለስም።