የዳኛው ዐይን ስንት ሜትር ይስታል?

በአገራችን የእግር ኳስ ሜዳዎች ዙሪያ «ሌባ» የሚለውን ቃል ያህል የሚደጋገም ስድብ ማግኘት ያስቸግራል። ተሰዳቢውም ዘወትር አንድ ሰው ነው፤ ፊሽካ የያዘው። እኛም ለብዙ ዓመታት ከተመልካቹ ጋር ቆመን ይህንኑ ቃል ስንወረውር ኖረናል። ዛሬ ብዕር ያነሳነው ግን ቃሉ ወደ እኛ ስለ ተወረወረበት ዕለት ለመጻፍ ነው።

ዕለቱ የሁለት ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች የወዳጅነት ግጥሚያ ያደረጉበት ነበር። የተጠራው ዳኛ ቀረ። ከተሰበሰቡት መካከል የጨዋታውን ሕግ አንብበናል ያልነው እኛ ብቻ ስለ ነበርን ፊሽካው በእጃችን ገባ። የመስመር ዳኛ የሚባል አልነበረም። የመጀመሪያው አጋማሽ በሰላም አለፈ፤ እንዲያውም ዳኝነት ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው እንዴ እስከ ማለት ደርሰን ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደ ተጀመረ፣ 1 ለ 0 እየተመራ የነበረው ቡድን አማካይ ከመሀል ሜዳ ረጅም ኳስ ሰደደ። አጥቂው ከተከላካዮቹ ጀርባ ብቅ ብሎ ኳሷን ከመረብ አገናኛት። እኛ ግን ፊሽካ ነፋን፤ «ከጨዋታ ውጪ» አልን። ልጁ አልተከራከረም። ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ ለረጅም ጊዜ ተመለከተን። በሜዳው ዳር፣ ከተከላካዮቹ መስመር ትይዩ ቆመው የነበሩ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ተማሪዎች ኋላ እንደ ነገሩን ከሆነ ኳሷ ስትመታ አጥቂው ከመጨረሻው ተከላካይ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ነበር።

እንዴት ሳትን? በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ማስላት ጀመርን።

ሕጉ የሚጠይቀው ኳሷ ከአቀባዩ እግር በተነሣችበት ቅጽበት አጥቂው የት ነበር የሚለውን ነው። ስለዚህ ዳኛው በሃያና በሠላሳ ሜትር የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት ይኖርበታል። የሰው ዐይን ግን አጥርቶ የሚያይበት የሬቲና ክፍል እጅግ ጠባብ ነው። ዐይናችን አቀባዩን ትቶ ወደ አጥቂው ለመዞር፣ አእምሮ ትእዛዙን ከሚያዘጋጅበት ጊዜ ጋር፣ 0.2 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። አጥቂው በሴኮንድ 7 ሜትር ወደ ግቡ ቢሮጥ፣ ተከላካዩም በተቃራኒው በሴኮንድ 3 ሜትር ወደ መሀል ቢወጣ፣ በዚያች 0.2 ሴኮንድ በመካከላቸው የ2 ሜትር ለውጥ ይፈጠራል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የነበረው ልጅ ዐይናችን እስኪደርስበት ድረስ አንድ እርምጃ ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ የቆምንበት ቦታ አለ። ከተከላካዩ በስተኋላ 25 ሜትር ርቀን ነበር። የዐይናችን ከፍታ 1.6 ሜትር ቢሆን፣ በ25 ሜትርና በ26 ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ጥንድ እግሮች መካከል የሚኖረው የማዕዘን ልዩነት 0.14 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህም ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ ከምትይዘው ስፋት ሩቡን ያህላል። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን እየሮጡ ይለኩት!

የመስመር ዳኛ ቢኖረንስ? እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የሆላንድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ረዳት ዳኞች ከተከላካዩ መስመር ጥቂት ፈቀቅ ብለው ሲቆሙ ስሕተታቸው በዘፈቀደ አይመጣም፤ የጂኦሜትሪ ሕግ ይከተላል። ረዳቱ አንድ ሜትር ወደ ግቡ ቀርቦ ቢቆም፣ ተከላካዩ ከእርሱ 30 ሜትር ቢርቅ፣ በሜዳው ወዲያኛው ወገን፣ 50 ሜትር ላይ፣ ከተከላካዩ እኩል የቆመ አጥቂ 67 ሴንቲ ሜትር ያህል የቀደመ መስሎ ይታየዋል። ካሜራውም ቢሆን ወሰን አለው። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ሥራ ጀመረ፤ ነገር ግን በሴኮንድ 50 ምስል የሚያነሣ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 0.02 ሴኮንድ ያመልጠዋል። ከላይ በጠቀስነው ፍጥነት ይህ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በኳሷ ውስጥ በሴኮንድ 500 ጊዜ መረጃ የሚልክ መሣሪያ የተቀበረው በከፊል ስለዚህ ነው። እኛ የነበረን ፊሽካ ነው።

እስከዚህ ድረስ ራሳችንን በፊዚክስ ነጻ አውጥተናል። ጽሑፋችን እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን የቀረ ነገር አለ።

ግቡ ከተሻረ በኋላ ጩኸቱ አላቆመም። ከሩብ ሰዓት በኋላ የዚያው የተበደለው ቡድን ተጫዋች በቅጣት ክልሉ ውስጥ ወደቀ። ንክኪው ቀላል እንደ ነበር አይተናል። በዚህ ጊዜ ማዕዘኑም ርቀቱም የተመቸ ነበር። ሆኖም ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠን፤ ግጥሚያው በ1 ለ 1 አለቀ። የተቀጣው ቡድን ግብ ጠባቂ ወደ እኛ ቀርቦ «ምን አይተህ ነው?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ያየነው ቀደም ሲል ራሱን ይዞ የተመለከተንን ልጅ ነበርና።

ይህም ቢሆን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ለአንድ ቡድን የሚሰጥ ወይም የሚከለከል ፍጹም ቅጣት ምት በሚቀጥለው ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በእንግሊዝ 40 ዳኞች አንድን የግጥሚያ ቪዲዮ ከፊሎቹ ከነድምፁ፣ ከፊሎቹ ያለ ድምፅ እንዲያዩ ተደርጎ፣ የደጋፊውን ጩኸት የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የፈረዱት ጥፋት በ15.5 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጩኸታችን ይሠራል ማለት ነው። ዳኛውን «ሌባ» እያልን ስንጮህ ፍርዱን ወደ እውነት የምናቀርበው ቢመስለንም፣ መለኪያውን ራሱን የምናዛባው እኛ ነን።

ግን በጥናት ተጠልለን ልናመልጥ አንፈልግም። በእኛ እምነት ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። የመጀመሪያው የመሣሪያ ስሕተት ነው፤ ዐይን የሚችለውን ያህል ለካ፤ አልበቃም። ሁለተኛው በቤተ ሙከራ አንደኛው ንባብ ከሚጠበቀው ዋጋ ሲርቅበት፣ አማካዩ እንዲስተካከል ሁለተኛውን ከራሱ ፈጥሮ የሚጽፍ ተማሪ ሥራ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ አድርገን እናውቃለን። በሜዳ ላይ «አካካሰ» ተብሎ ይመሰገናል። ግብ ጠባቂው ግን ያልሠራውን ዕዳ ከፈለ።

ስለዚህ ለተማሪዎች ግጥሚያ አዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብ አለ። እያንዳንዱ ቡድን ከተቀያሪዎቹ አንዱን ለመስመር ዳኝነት ይስጥ፤ ከመስመሩ ትይዩ መቆምንም ይማር። የሳይንስ ተማሪ የሆነ ሁሉ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ፊሽካ ይያዝ፤ አዎን ወይም አይደለም ከማለት በቀር የስሕተት ወሰን መጻፍ የማይፈቀድበት መለኪያ መሆን ምን እንደሚመስል ይወቀው። ዳኛውም መሳቱን ሲያውቅ ከጨዋታው በኋላ መሳቱን ይናገር እንጂ በጨዋታው ውስጥ ሊከፍል አይነሣ።

እኛ ለሁለቱም ቡድኖች ይህንኑ ተናግረናል። አጥቂው ሣቀ፤ የሚቀጥለውን ግጥሚያ እንድንዳኝም ራሱ ጠይቆን እሺ ብለናል። ግብ ጠባቂው እስካሁን ሰላምታችንን አልመለሰም።